የቁስለኛው መዝገብ፦ ከአድዋ እስከ ጌዶ

ጌዶ ላይ መንገዱ ሁለት ይሆናል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአምቦና በጉደር አድርጎ የመጣው አስፋልት አንዱ በባኮ በኩል ወደ ነቀምቴ ይቀጥላል፤ ሌላው ወደ ሰሜን ታጥፎ ግድቡና ስኳር ፋብሪካው ወዳሉበት ወደ ፊንጫ ያቀናል። የነቀምቴው አውቶቡስ፣ ስኳር የጫነው ተሳቢ፣ አባዱላው፣ ባጃጁ፣ ሞተር ሳይክሉ፣ ወደ ገበያ የሚነዳው ከብት፣ ሁሉም በዚህች የጨሊያ ወረዳ ከተማ ይተላለፋል። ከተማዋ ሆስፒታል አላት። አዲስ አበባ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች።

እንግዲህ አንድ ጥያቄ፦ ከደጋው ጌዶ ወደ ሞቃታማው ባኮ በሚወርደው ቁልቁለት አንድ ሌሊት ሰው የሞላ አውቶቡስ ቢገለበጥ፣ ከቁስለኞቹ ስንቱን እዚያው ማዳን ይቻላል?

ይህን የሚመልሱ ሁለት ዓይነት ወረቀቶች አሉ። አንደኛው የአደጋ ዝግጁነት ዕቅድ የሚባለው ነው። ማኅተም ያርፍበታል፣ ኮሚቴ ይዘረዘርበታል፣ ከዚያ ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው ኦፕራሲዮን ክፍል በር አጠገብ የሚቀመጠው፣ ጠርዙ የተበላ ትልቅ መዝገብ ነው። ማን ገባ፣ ስንት ዓመቱ ነው፣ ከየት መጣ፣ ምን ተደረገለት፣ ማን ሠራው፣ ዳነ ወይስ ሞተ። እኔ ዝግጁነትን የምፈልገው ከዚህኛው ነው። እንዲህ የምለው ዕቅድ ስለምንቅ አይደለም። የአገራችንን የቀዶ ሕክምና ታሪክ ወደ ኋላ ሄዶ ላየው ሰው፣ ለአደጋ ተብሎ የመጣው ሁሉ ሲሄድ የቀረው ለዘወትር ሕመምተኛ የተሠራው ብቻ ስለሆነ ነው።

ከአድዋ እንጀምር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ምሽት ድል ነበረ፤ ቁስለኛም ነበረ፣ በሺዎች የሚቆጠር። የሠራዊቱ ቀዶ ሐኪም ወጌሻ ነበር። ወጌሻን ዛሬ እግሩ ወለም ያለው ሰው የሚሄድበት አድርገን ብቻ ነው የምናስበው። የዚያን ጊዜው ወጌሻ ግን ስብራት በስንጥር አስሮ ይጠግናል፣ ጥይት ያወጣል፣ ቁስል ይተኩሳል። እውቀቱ በእጅ ከአባት ወደ ልጅ ተላለፈ እንጂ ተጽፎ አልተቆጠረም።

ዜናው አውሮፓ ሲደርስ የሩሲያ ቀይ መስቀል በጄኔራል ሽቬዶቭ የሚመራ የሕክምና ቡድን ላከ። ጣልያን በምጽዋ አላሳልፍም ስላለች ቡድኑ በጅቡቲና በሐረር በኩል መዞር ነበረበት። አዲስ አበባ ሲደርስ ከጦርነቱ በኋላ ወራት አልፈዋል። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ሆዱን የተመታ ሰው ወራት አይጠብቅም፤ ደሙ የሚፈስም አይጠብቅም። ሩሲያዎቹ ሊያገኙ የሚችሉት ያመረቀዘ ቁስል፣ ተጣሞ የገጠመ አጥንት፣ በሰውነት ውስጥ የቀረ ጥይት ነው። ከዚያ ደግሞ ጦርነቱ የማይነካው ሕዝብ አለ፦ ዓይኑን የታመመ፣ እባጭ ያለበት፣ የቆዳ በሽታ ያለበት። ለጦርነት የተላከው ቡድን የዘወትር ሐኪም ሆነ።

የሚገርመው፣ የሩሲያ ጦር ሐኪሞች ስለ አደጋ ከማንም የማያንስ ትምህርት ነበራቸው። ኒኮላይ ፒሮጎቭ የሚባለው ቀዶ ሐኪማቸው እ.ኤ.አ. በ1854 እና 1855 በሴባስቶፖል ከበባ ጊዜ ቁስለኛን በየደረጃው የመለየት ሥርዓት ዘርግቶ ነበር፦ አሁኑኑ ካልተሠራ የሚሞተው፣ ነገ መጠበቅ የሚችለው፣ ቁስሉ ታስሮለት የሚሄደው፣ ምንም ቢደረግ የማይተርፈው። ዛሬ ድንገተኛ ክፍሎች በቀይ፣ በቢጫ፣ በአረንጓዴና በጥቁር ምልክት የሚለዩት የዚህ ዓይነቱ አሠራር ልጅ ነው። እውቀቱ ነበረ። የጎደለው በሰዓቱ በቦታው መገኘት ነበር።

ያ ቡድን ሥራውን ጨርሶ ተመለሰ። ሩሲያዎች ዳግመኛ መጥተው አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል ከፈቱ፤ ለጥቂት ዓመታት ከሠሩ በኋላ ያም ተዘጋ። እ.ኤ.አ. በ1910 የተመሠረተው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ግን እስካሁን በስሙ ያክማል።

አርባ ዓመት እንዝለል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው፤ የጣልያን ወረራ ሊጀምር ሦስት ወር ሲቀረው። ከዚህ በላይ ለመጨረሻ ሰዓት ዝግጅት ምሳሌ የሚሆን ቀን አላውቅም። ሠራዊቱ የራሱ የሕክምና ክፍል አልነበረውም። በዘመናዊ መንገድ የተማረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ በልጅነቱ ከመቅደላ ተወስዶ ሕንድ ያደገው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፣ በዚያን ጊዜ ለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆኖ ለአገሩ እርዳታ ይለምን ነበር። ስለዚህ አምቡላንሶቹ ከውጭ መጡ፦ ከስዊድን፣ ከእንግሊዝ፣ ከኖርዌይ፣ ከሆላንድ፣ ከፊንላንድ፣ ከግብፅ።

የደረሰባቸውን ሁሉም ያውቃል፤ ቢሆንም ቀኖቹን ደርድሮ ማየት ሌላ ነገር ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ስትደበደብ የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል ተመታ። ታኅሣሥ 20 መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን አምቡላንስ ተደበደበ፤ መሪው ዶክተር ሂላንደር ቆሰለ፣ ተኝተው የነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሕሙማን ሞቱ። የካቲት 25 ኮረም አጠገብ የእንግሊዙ አምቡላንስ ተራ ደረሰው። የዚያ ቡድን መሪ ዶክተር ጆን ሜሊ ከዚህ ሁሉ ተርፎ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከወጡ በኋላ በተፈጠረው ዘረፋ አዲስ አበባ መንገድ ላይ ቁስለኛ ሲያነሳ በጥይት ተመታ። ሚያዝያ 27 ሞተ። ጣልያኖች አዲስ አበባ የገቡበት ቀን ነው። በቀይ መስቀል ምልክት ላይ ቦምብ የጣለው ፋሺስቱ ነው፤ ያንን ወንጀል የእኛ ዝግጁ አለመሆን አያቀልለውም። ግን ቡድኖቹ ሲበተኑ በየግንባሩ የተገነባው ሁሉ አብሮ ተበተነ።

ምዕራብ ሸዋ እዚህ ታሪክ ውስጥ ትገባለች። ከዋና ከተማዋ መውደቅ በኋላ የሆለታ ካዴቶችና የተማሩ ወጣቶች ወደ ምዕራብ፣ ወደ ነቀምቴ አቅጣጫ ሄደው የጥቁር አንበሳ ድርጅትን መሠረቱ። መሪያቸው ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበር፤ የእንስሳት ሐኪም። ደንባቸው ገበሬውን ማጉላላትን ይከለክላል፣ ምርኮኛ በሰብአዊነት እንዲያዝ ያዝዛል። የአገሪቱ ትልቁ ሪፈራል ሆስፒታል ዛሬ ስማቸውን ይዟል። ከጌዶ ሪፈር የተጻፈለት ሰው በመጨረሻ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው፤ እነሱ በመጡበት መንገድ ወደ ኋላ ተጉዞ።

ከነፃነት በኋላ «አደጋ» የሚለው ቃል በመንግሥት ቋንቋ አንድ ትርጉም ብቻ ያዘ፦ ረሃብ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከወሎው እልቂት በኋላ በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዝናብን፣ ሰብልን፣ የገበያ ዋጋን የሚከታተል የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ተጀመረ። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ማስጠንቀቂያው ነበረ፤ ሰሚ ግን ዘገየ፣ አገር ውስጥም ውጭም። ከመንግሥት ለውጥ በኋላ ስሙ ተቀየረ፣ ኮሚሽኑ የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ሆነ፣ ቆይቶም የአደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ተባለ።

እኔ ይህን ሥርዓት አከብረዋለሁ። የጤፍ ዋጋ ከፍ ሲል፣ ከብት በርካሽ ሲሸጥ፣ ሰው ሳይራብ በፊት ረሃብ መምጣቱን ማወቅ ይቻላል ብሎ የተነሳ ሥርዓት ነው። የተራ ቀን ቁጥር የክፉ ቀን ምልክት ነው የሚል ሐሳብ። ታዲያ ይኸው ሐሳብ ለምን ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል አልገባም? እህል በኩንታል ቆጥረን ለክፉ ቀን መጋዘን አስቀመጥን። ሌሊት ስንት ጊዜ የኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ባዶ እንደሆነ ግን አልቆጠርንም።

እዚህ ላይ ከአገር ወጣ ልበል፤ የምወደው ሰው ስላለ ነው። ኧርነስት ኮድማን የሚባል የቦስተን ቀዶ ሐኪም ነበር። ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ አንዲት ትንሽ ካርድ ያዘ፦ ምን ነበረበት፣ ምን አደረግን፣ ከዓመት በኋላ እንዴት ሆነ፣ ካልተሳካ ለምን። የሥራ ባልደረቦቹ ሐሳቡን አልወደዱትም፤ እሱም ከሚሠራበት ትልቅ ሆስፒታል ለቆ በራሱ ትንሽ ሆስፒታል ቀጠለበት። እ.ኤ.አ. ከ1911 እስከ 1916 ድረስ ካሰናበታቸው 337 ሕሙማን ላይ 123 ስሕተቶችን ቆጥሮ በራሱ ገንዘብ አሳተመ። እስቲ አስቡት፤ ዛሬ የትኛው ሆስፒታል ነው ይህን የሚያደርገው?

ኅዳር 27 ቀን 1910 ዓ.ም. ካናዳ ውስጥ ሃሊፋክስ ወደብ ላይ ፈንጂ የጫነ መርከብ ፈነዳ። 2,000 የሚጠጋ ሰው ሞተ፣ 9,000 ገደማ ቆሰለ። ለእርዳታ ከቦስተን ከሄዱት ሐኪሞች አንዱ ኮድማን ነበር። መዝገብ ያዥ ብለው የሳቁበት ሰው፣ ቁስለኛ ሲበዛ የሚሠራውን ያውቅ ነበር። እኔን አይገርመኝም። በሰላሙ ጊዜ እያንዳንዱን ሕመምተኛ እስከ መጨረሻው የተከታተለ ሰው፣ አቅሙ የት ላይ እንደሚያልቅ ቀድሞ ያውቃል።

ወደኛው መዝገብ ልመለስ። እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ፤ ሐኪም አይደለሁም። ከዚህ ጉዳይ ጋር ያገናኘኝ የጓደኛዬ ኤክሴል ነው። ጤና መኮንን ነው፤ ለሁለተኛ ዲግሪው የአንድ ሆስፒታል የአምስት ዓመት የኦፕራሲዮን መዝገብ ወደ ላፕቶፕ ገልብጦ «ዳታውን አጽዳልኝ» አለኝ። እንዲህ ያሉ ጥናቶች በየክልሉ ብዙ ናቸው፤ ርእሳቸው ሁሌም ተመሳሳይ ነው፦ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሕሙማን ሁኔታ፣ እገሌ ሆስፒታል፣ ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት። አንባቢ የላቸውም ማለት ይቻላል። ማንበብ ከጀመርኩ በኋላ ግን ማቆም አቃተኝ።

ዳታው ምን ይመስላል? ዕድሜ የሚባለው ዓምድ 30፣ 35፣ 40፣ 45 እያለ ይሄዳል። 37 ዓመት የሆነው ሰው የለም ማለት ይቻላል። ስም ደግሞ ራሱን የቻለ መከራ ነው። ቶሎሳ የሚለውን አንዱ በአንድ ኤስ፣ ሌላው በሁለት ኤስ ይጽፈዋል፤ ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ነው ይላል። ቀን ላይ 05/06/12 ተጽፏል፤ የካቲት 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው ወይስ የፈረንጅ? ሕመምተኛው በኦሮምኛ የተናገረውን ነርሷ በእንግሊዝኛ ትጽፈዋለች፤ መንገድ ላይ የሚቀረው ብዙ ነው። «ሦስት ቀን አሞኝ ወጌሻ ቤት ሄጄ፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ መኪና አጥቼ» ያለው ሰው መዝገቡ ላይ «የሆድ ሕመም፣ 3 ቀን» ይሆናል።

ከሁሉ የባሰው ግን ሰዓቱ ነው። 8:00 ይላል። የኛ ሰዓት ከሆነ ወይ ቀን 8 ነው ወይ ሌሊት 8። የፈረንጅ ከሆነ ወይ ጠዋት 2 ሰዓት ነው ወይ ማታ 2 ሰዓት። አንዲት ቁጥር አራት ትርጉም አላት። ለፕሮግራመር ይህ ቀልድ ነው፤ ለአደጋ ዝግጁነት ግን ይህችው ዓምድ ናት ሁሉን የምትወስነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በሥራ ሰዓት ብቻ ኦፕራሲዮን የሚሠራ ሆስፒታልና ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራ ሆስፒታል በዓመት እኩል ብዛት ቢኖራቸውም፣ አውቶቡሱ የተገለበጠ ሌሊት ፍጹም የተለያዩ ሆስፒታሎች ናቸው።

ከዚያ ደግሞ የማይታዩት አሉ። ጥናቱ ውስጥ ሁሌም አንድ ዓረፍተ ነገር ትገኛለች፦ ካርዳቸው ያልተሟላና የጠፋ ሕሙማን ከጥናቱ ተትተዋል። ካርዱ የሚጠፋው ግን በዕጣ አይደለም። በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው በመጣበት ቀን ማን ቁጭ ብሎ ይጽፋል? ነርሷ እጇ ደም ላይ ነው። ድንገተኛ ክፍል ደጃፍ ላይ የሞተው ሰው ኦፕራሲዮን መዝገብ ውስጥ አይገባም፤ መንገድ ላይ የሞተውማ ካርድም አልወጣለትም። ስለዚህ ከጥናቱ ቀድመው የሚወጡት በትክክል ስለ አደጋ ሊያስተምሩን የሚችሉት ሰዎች ናቸው። የተረፈው ዳታ ጸጥ ያሉ ቀኖች ዳታ ነው።

እንደዚያም ሆኖ ብዙ ይናገራል። በገጠር ሆስፒታሎቻችን ትልቁ ኦፕራሲዮን ምጥ የጠናባትን እናት ማዋለድ ነው። ከዚያ ትርፍ አንጀት፣ የአንጀት መጠማዘዝ፣ ቡአ፣ ስብራት ይመጣሉ። የአንጀት መጠማዘዝ በኛ አገር ደጋግሞ የሚታይ ነው፤ በብዛት ወንድ ገበሬዎችን ይይዛል፣ ሰዓት ሲያልፍ አንጀቱ ይበሰብሳል። የዘገየው ከየት እንደሆነ መዝገቡ ከወረዳው ስም ብቻ ይጠቁማል። ከጊንደበረት የመጣውና ከከተማው የመጣው እኩል አይደርሱም።

እ.ኤ.አ. በ2015 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን ስለ ዓለም ቀዶ ሕክምና ባወጣው ዘገባ 5 ቢሊዮን ሰው አስተማማኝ ቀዶ ሕክምና አያገኝም አለ። ከዚያ ይልቅ የኔን ቀልብ የሳበው ሌላ ነገር ነው። አንድ ሆስፒታል ብቁ መሆኑን ለማወቅ ሦስት ኦፕራሲዮኖችን ተመልከት ይላል፦ እናትን በኦፕራሲዮን ማዋለድ፣ ሆድ ከፍቶ መሥራት፣ ቆዳ የቀደደ ስብራት ማከም። እነዚህን ሦስቱን የሚሠራ ቤት ሌላውንም አብዛኛውን መሥራት ይችላል፤ ሰውም በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊደርስበት ይገባል። ሦስቱን ከአውቶቡሱ አጠገብ አስቀምጧቸው እስቲ። የተገለበጠ አውቶቡስ የሚያመጣው የተመታ ሆድና የተቀደደ ስብራት ነው፤ እናቶቹም ያን ሌሊት ምጣቸውን አያቆሙም። የዘወትሩ መለኪያና የአደጋው መለኪያ አንድ ነው።

አደጋ ሁሉ ግን ቀዶ ሐኪም አይፈልግም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ሲናድ፣ በሐምሌ 2016 ደግሞ ጎፋ ላይ መሬት ሲንሸራተት፣ ከመቶ በላይና ከሁለት መቶ በላይ ሰው አለቀ፤ አፈር የበላው ሰው ግን ኦፕራሲዮን ክፍል አይደርስም። እዚያ የሚያስፈልገው አካፋና መሬቱን ቀድሞ ማየት ነበር። ኮቪድ በ2012 ሲመጣ ደግሞ በተቃራኒው አንድም ቁስለኛ ሳያመጣ ቀዶ ሕክምናን አስቆመ፤ ወረርሽኙ በበረታባቸው 12 ሳምንታት በዓለም ዙሪያ 28 ሚሊዮን ያህል ኦፕራሲዮን ይሰረዛል ወይም ይዘገያል ተብሎ ተገምቶ ነበር። አንድ ዕቅድ ለሁሉ አይሆንም። የመንገድ አደጋ፣ ቃጠሎ፣ ጥይት ግን ቀጥታ ወደ ጠረጴዛው ይመጣሉ። ምዕራብ ሸዋ ደግሞ ባለፉት አሥር ዓመታት የጥይት ቁስለኛ ምን እንደሆነ በሚገባ አውቃለች።

በዚህ መሃል የተሠራ አንድ ትልቅ ሥራ አለ፤ ወሬ ያልሆነለት። ጎንደር የጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ጤና መኮንን የሚባል ሙያ ይዞ መጣ፤ ሐኪም በሌለበት ገጠር የሚሠራ ሰው። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ጤና መኮንኖችን በድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና በማዋለድ በሁለተኛ ዲግሪ ማሠልጠን ተጀመረ። ከላይ ያልኳቸውን ሦስቱን ኦፕራሲዮኖች በብዙ ወረዳዎች የሚሠሩት እነዚህ ሰዎች ናቸው። ልዩ የአደጋ ቡድን አይባሉም፤ ሄሊኮፕተርም የላቸውም። ቁስለኛው ሲመጣ ግን ከጅቡቲ አይዞሩም። እዚያው ናቸው።

ጓደኛዬ ጥናቱን ጨርሷል። እኔ ግን ከፋይሉ አንድ ቁጥር ለማውጣት ሞክሬ ነበር፦ በዓመት ውስጥ ስንት ሌሊት ጠረጴዛው ተይዞ ሳለ ሌላ ድንገተኛ ሕመምተኛ እንደመጣ። አንድ ጠረጴዛና አንድ ሰመመን ሰጪ ባለበት ቤት ይህች ቁጥር የአውቶቡሱን ጥያቄ ግማሽ ትመልሳለች። ሁለት እናቶች በተደራረቡበት ሌሊት መስመሩ የሚበጠስ ከሆነ፣ ሃያ ቁስለኛ ሲመጣ ማን ወደ አምቦ ወዲያው እንደሚላክ፣ ስንት አምቡላንስ እንደሚጠራ፣ ስንት ከረጢት ደም ቀድሞ እንደሚቀመጥ ከዚያ ተነስቶ መሥራት ይቻላል። ቁጥሯን ለማግኘት የሚያስፈልገው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ሕመምተኛው የገባበት ሰዓትና ከጠረጴዛው የወረደበት ሰዓት። ባየሁት መዝገብ ላይ ሁለቱም ዓምዶች ታትመዋል። የመጀመሪያው ተሞልቷል፣ ያው 8:00 እያለ። ሁለተኛው ብዙ ቦታ ባዶ ነው፤ ሥራ በበዛባቸው ገጾች ላይ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ባዶ ነው።